ከባንክራፕሲ በኋላ ሥራ ፍለጋ፦ ቀጣሪ ምን ያያል? ሕጉስ ማንን ይጠብቃል?

አሜሪካ ውስጥ «ባንክራፕሲ ያስገባ ሰው ሥራ አያገኝም» ሲባል በየቤቱ ይሰማል። ባንክራፕሲ ማለት መክፈል ያቃተን ዕዳ በፍርድ ቤት በኩል የሚዘጋበት ሕጋዊ መንገድ ነው። ወሬው ግማሹ ስህተት ነው። ግማሹ ግን እውነት አለው፤ ችግሩ እውነቱ ያለው ሰዉ በሚፈራበት በኩል አይደለም። ብዙ ሰው የሚፈራው አሁን የያዘውን ሥራ እንዳያጣ ነው። እዚያ ላይ ሕጉ ጠንከር ያለ ነው። ሕጉ የሚሳሳው ገና ሥራ የሚፈልገው ሰው ጋ ሲደርስ ነው፤ ጥበቃው ይበልጥ የሚያስፈልገውም እሱ ነበር።

ጉዳዩን የማነሳው ፍርሃት ብቻ ይዟቸው ዕዳ እንደተሸከሙ ዓመታት የሚያሳልፉ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ነው። አንዱ ለዘመዱ የመኪና ብድር ኮሳይን አድርጎ (አብሮ ፈርሞ) ዘመዱ መክፈል አቁሞበታል። ሌላዋ ሆስፒታል ተኝታ የወጣችበት ቢል ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢዎች እጅ) ገብቷል። ሌላው የከፈተውን ምግብ ቤት በኮቪድ ጊዜ ዘግቷል፤ የንግዱን ብድር በግል ስሙ ስለፈረመ ዕዳው ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጥቷል። አንዱን ክሬዲት ካርድ በሌላው እየከፈሉ ከድጡ ወደ ማጡ ይሄዳሉ። ባንክራፕሲ የሚባል ነገር አለ ሲባሉ ግን «ኋላ ማን ይቀጥረኛል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከወሬ ሳይሆን ከሕጉ እንፈልገው።

የፌዴራሉ የባንክራፕሲ ሕግ አንቀጽ 525 የሚባል ድንጋጌ አለው። የመጀመሪያው ክፍል የመንግሥት ቀጣሪዎችን ይመለከታል፤ በ1978 ሕጉ ሲወጣ ጀምሮ ያለ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ስቴት፣ ካውንቲ ወይም ከተማ፣ ባንክራፕሲ ስላስገባህ ብቻ ሊያባርርህ አይችልም። ሥራ ሊከለክልህም አይችልም፤ በግልጽ ተጽፏል። ሁለተኛው ክፍል በ1984 የተጨመረ ሲሆን የግል ቀጣሪዎችን ይመለከታል። የግል ድርጅት ሠራተኛውን በባንክራፕሲ ምክንያት ብቻ ማባረር አይችልም። ደሞዙንም ሆነ የሥራ ሁኔታውን በዚያ ምክንያት መንካት አይችልም። «ሥራ መከልከል አይችልም» የሚለው ግን እዚህኛው ክፍል ላይ የለም።

ፍርድ ቤቶች ይህን ልዩነት ቃል በቃል ነው የያዙት። በ2010 ሦስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በ2011 ደግሞ አምስተኛውና አስራ አንደኛው፣ ኮንግረስ ለመንግሥት ጽፎ ለግል ቀጣሪ ሳይጽፍ የተወው አውቆ ነው ብለው ወሰኑ። እነዚህ ሦስቱ ፍርድ ቤቶች ፔንሲልቬንያን፣ ኒው ጀርዚን፣ ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳን፣ ጆርጂያን ያጠቃልላሉ። የዳላስ፣ የሂውስተንና የአትላንታ ሐበሻ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከነዚህ ውሳኔዎች አንዱ የሆነው የፍሎሪዳው ጉዳይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ ሰው በ2008 ባንክራፕሲ አስገብቶ ዕዳው ተሰርዞለታል። ከዚያ ለአንድ ምግብ ቤት ማናጀርነት አመለከተ። ሁለት ቀን ሥራው ላይ ተሞከረ፣ ፎርም ሞላ፣ ተቀጥሬያለሁ ብሎ አሰበ። ቀጥሎ የመጣለት ደብዳቤ ግን በባንክራፕሲው ምክንያት ሥራውን እንደማይሰጡት የሚገልጽ ነበር። ክርክሩ ሁሉ «በዚያች ሰዓት ተቀጥሮ ነበር ወይስ ገና አመልካች ነበር?» ወደሚል ጥያቄ ዞረ። ተቀጥሮ ከነበረ ሕጉ ይጠብቀዋል። አመልካች ከነበረ አይጠብቀውም። ጁሪውም (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ገና አልተቀጠረም አለ። አንድ ሰው ዕዳውን በሕግ አግባብ ዘግቶ እንደገና ሊነሳ ሲል የሚመታው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ባንክራፕሲ የተፈጠረው ሰው እንደ አዲስ እንዲጀምር ነው ከተባለ፣ እንደ አዲስ የሚጀመረው ደግሞ በሥራ ነው። እኔ ይህን ክፍተት በምንም መንገድ ትክክል ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

ለማንኛውም፣ ከዚህ ተነስታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ቀጣሪ በእርግጥ ምን እንደሚያይ እንይ።

ቀጣሪ ክሬዲት ስኮራችሁን (የብድር አከፋፈላችሁን የሚመዝነውን ቁጥር) አያይም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ለቀጣሪ የሚሸጡት ሪፖርት ባንክ ከሚያየው የተለየ ነው፤ ቁጥሩ የለበትም። ቀጣሪው ሪፖርቱን ስላየም ስኮራችሁ አይቀንስም። የሚያየው ታሪኩን ነው፦ ከማን እንደተበደራችሁ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ ምን ያህል እንደቀረ፣ የትኛው ወር ላይ ክፍያ እንደዘገየ። ባንክራፕሲም ካለ እዚያው ይታያል። ቻፕተር 7 (ዕዳው የሚሰረዝበት ዓይነት) ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ቻፕተር 13ን (በዕቅድ በየወሩ የሚከፈልበትን ዓይነት) ክሬዲት ቢሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ7 ዓመት ያነሱታል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ይህ የጊዜ ገደብ ዓመታዊ ደሞዙ 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ አይሠራም። ቁጥሩ ሕጉ ውስጥ በዶላር ተጽፎ የቀረ ነው፤ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ አያድግም። በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ነርስ ወይም የአይቲ ባለሙያ 75,000ን በቀላሉ ያልፋል። ሕጉን ሲጽፉ ትልልቅ ኃላፊዎችን አስበው የነበረ ይመስለኛል፤ ዛሬ ግን ተራውን ባለሙያ ይነካል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ መብታችሁ ያለው እዚያ ነው። ከ1970 ጀምሮ ያለው የክሬዲት ሪፖርት አጠቃቀም ሕግ ቀጣሪ ሪፖርቱን በድብቅ እንዳያወጣ ይከለክላል። መጀመሪያ ሪፖርት ሊያወጣ እንደሆነ በጽሑፍ ይነግራችኋል፤ ይህም ለብቻው በሆነ ወረቀት እንጂ በማመልከቻው ረጅም ጽሑፍ መሀል ተሸጉጦ መሆን የለበትም። እናንተም በጽሑፍ ትፈቅዳላችሁ። ዛሬ ይህ የሚመጣው በኢሜይል ነው፤ ሊንኩን ከፍታችሁ በስልካችሁ ጣት አሽከርክራችሁ የምትፈርሙት ነገር። ብዙዎቻችን ሳናነብ እንፈርማለን። አንብቡት። ወረቀቱ ወንጀልና የሥራ ታሪክ ብቻ ይላል ወይስ ክሬዲትም ይጨምራል? «ባክግራውንድ ቼክ» ሁሉ የክሬዲት ምርመራ አይደለም። በብዛት የሚሠራው የወንጀል መዝገብና የቀድሞ ሥራ ማጣሪያ ነው።

ሪፖርቱን አይቶ ላይቀጥራችሁ ካሰበ ደግሞ ውሳኔውን ከማጽናቱ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና መብታችሁን የሚገልጽ ወረቀት ሊልክላችሁ ይገባል። ሕጉ በዚህ መሀል ስንት ቀን ይጠብቅ የሚለውን በቁጥር አላስቀመጠም፤ በተለምዶ አምስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ያቺ አምስት ቀን ወርቅ ናት። ስህተት ካለ የምትናገሩት ያኔ ነው። ማብራሪያ ካላችሁ የምትልኩትም ያኔ ነው። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ገብቶ ሳታዩት ካለፈ ግን ቀጥሎ የሚደርሳችሁ «አልቀጠርንህም» የሚለው ነው። ከዚያም በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ የማግኘትና የመከራከር መብት አላችሁ፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይሆናል። ቀጣሪው ይህን ሥርዓት አውቆ ከጣሰ ሕጉ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳል፤ የጠበቃ ወጪም ይጨመራል።

ከዚህ በላይ ያለው ጥበቃ እንደ ስቴቱ ይለያያል። በዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) የምንኖር ሰዎች ደግሞ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሕግ አለን። እንበል አንዲት እህታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ አምና ቻፕተር 7 አስገብታ ዕዳዋ ተሰርዟል። አሁን ለሦስት የሪሴፕሽን ሥራዎች አመልክታለች፤ አንዱ ዲሲ፣ አንዱ ሜሪላንድ፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ።

ዲሲ ያለው ቀጣሪ ስለ ክሬዲቷ መጠየቅም አይችልም። የ2016ቱ ሕግ ከ2017 ጀምሮ እየሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጥፋት 1,000፣ ለሁለተኛው 2,500፣ ለሦስተኛው 5,000 ዶላር ያስከፍላል። ፖሊስን፣ የደኅንነት ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) የሚያስፈልገውን ሥራና በፋይናንስ ተቋማት ውስጥ የሰዎችን የገንዘብ መረጃ የሚነካ የሥራ መደብን ከመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልከላው ሰፊ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ለከተማው የሰብዓዊ መብት ቢሮ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ። አማርኛ በዲሲ የቋንቋ ሕግ ከታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለ። «እንግሊዝኛዬ አያደርሰኝም» ብሎ መተው አያስፈልግም።

የሜሪላንዱ ቀጣሪም ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ክሬዲትን ለመቅጠር ወይም ላለመቅጠር መጠቀም ተከልክሏል። የሜሪላንድ ሕግ ግን በሮቹ ብዙ ናቸው። ባንክ ከሆነ አይመለከተውም። ሥራው የድርጅት ክሬዲት ካርድ የሚያሲዝ፣ የሰው የግል መረጃ የሚያስነካ ወይም ከፍተኛ የማናጀርነት ቦታ ከሆነ፣ ቀጣሪው ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቆ ሊያይ ይችላል። ቅጣቱም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 500 ዶላር ነው፤ ለትልቅ ድርጅት ይህ ቅጣት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ቨርጂኒያ ለግል ቀጣሪዎች እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ የላትም። የአሌክሳንድሪያው ቀጣሪ ከላይ ያልኩትን የወረቀት ሥርዓት እስከጠበቀ ድረስ ሪፖርቱን አይቶ ሊተዋት ይችላል። ያው ሴት ናት፣ ያው ታሪክ ነው፣ ያው ሥራ ነው። ወንዙን ሲሻገሩ መብት ይቀየራል። ስለዚህ ስታመለክቱ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ልብ በሉ፤ ባብዛኛው የሚወስነው እሱ እንጂ የምትኖሩበት ቤት አይደለም።

ከዲኤምቪ ውጭ ላላችሁም፣ ዋሽንግተን ስቴት ቀጣሪ በክሬዲት እንዳይወስን የሚገድብ ሕግ በ2007 ከሁሉም ቀድማ አውጥታለች፤ ለሲያትል ሐበሻ መልካም ዜና ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ኢሊኖይ፣ ኔቫዳና ኦሪገንም አላቸው። የኒው ዮርክ ከተማ የ2015 ሕግ ባንክራፕሲን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ቴክሳስና ጆርጂያ የሉበትም።

አሁን ደግሞ ባንክራፕሲ በእርግጥ የሚከብድባቸውን ሥራዎች እንለይ፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ በሁሉም ላይ እኩል መሆን የለበትም። መጋዘን፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ሬስቶራንት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ሹፌርነት፣ እዚህ ሥራዎች ላይ ክሬዲት የሚያይ ቀጣሪ ማግኘት ብርቅ ነው። የአሜሪካ የሰው ኃይል ባለሙያዎች ማኅበር በ2012 ባደረገው ጥናት 47 በመቶ የሚሆኑ ቀጣሪዎች የክሬዲት ምርመራ ያደርጋሉ፤ ከነሱ አብዛኞቹ ግን ለተመረጡ የሥራ ቦታዎች ብቻ ነው። የተመረጡት ደግሞ ገንዘብ የሚነኩት ናቸው። ባንክ፣ ሂሳብ ክፍል፣ ኢንሹራንስ። የአክሲዮን ሽያጭ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ያለፉት 10 ዓመታት ባንክራፕሲውን ፎርም ላይ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ ማለት ይከለከላል ማለት አይደለም፤ መደበቅ ግን አይቻልም።

ክሊራንስ የሚጠይቁ ሥራዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ በመንግሥት ኮንትራክተር ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ኤስኤፍ 86 የሚባለው ፎርም ባለፉት 7 ዓመታት ባንክራፕሲ አስገብተህ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። መርማሪዎቹን የሚያሳስባቸው ግን ባንክራፕሲው ብቻውን አይደለም። ዕዳው ከምን መጣ? ከቁማር ነው ወይስ ከሕመም፣ ከፍቺ፣ ከሥራ ማጣት? ሰውየው ዕዳውን ለመፍታት በቅን ልቦና ሞክሯል ወይስ ዝም ብሎ ተደብቋል? መመሪያው ራሱ ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆነ ችግርንና መፍትሔ ለመፈለግ የተደረገን ጥረት ለሰውየው የሚናገር ነገር አድርጎ ይቆጥራል። በሌላ አነጋገር ለአራት ዓመት ኮሌክሽን ላይ የተኛ ዕዳ በሕግ ከተዘጋ ዕዳ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ስኮሩን ለማዳን ብሎ ባንክራፕሲን የሚሸሽ ሰው ይህን አጥብቆ ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ግን ይህ ሁሉ ምርመራ ይጠቅማል ወይ? በ2010 የኦሪገን ሕግ አውጪዎች ፊት የቀረበ የትራንስዩኒየን ኃላፊ፣ ክሬዲት ሪፖርት ከሥራ ብቃት ወይም ከማጭበርበር ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ጥናት እንደሌላቸው ተናግሯል። ሪፖርቱን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ማለት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ያወጣው ጥናት ደግሞ ከአምስት ሰው አንዱ ከሦስቱ ሪፖርቶቹ ቢያንስ በአንዱ ላይ ስህተት እንዳለበት አሳይቷል። ማስረጃ የሌለው፣ ያውም ስህተት የበዛበት ወረቀት ይዞ የሰው እንጀራ ላይ መወሰን ከባድ ነገር ነው።

በሌላ በኩል የማይመቹኝን ግኝቶችም ልንገራችሁ። የባንክራፕሲ ምልክቱ ከሪፖርታቸው የተነሳላቸውን ሰዎች የተከታተሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች፣ ስኮራቸው ወዲያው ቢያድግም በሥራና በገቢያቸው ላይ ግን የጎላ ለውጥ አላገኙም። ማለትም ምልክቱ ያን ያህል ሥራ አልከለከላቸውም ነበር። የክልከላ ሕጎቹንም የመረመሩ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቀጣሪው ክሬዲት ማየት ሲከለከል በሌላ ነገር ስለሚገምት ጥቁር ሥራ ፈላጊዎች ጭራሽ የተጎዱበት ሁኔታ አለ ይላሉ። ይህን ሳነብ ከንክኖኛል። ሕጎቹን ግን አያስጠላኝም፤ ቀጣሪው በቆዳ ቀለም ከገመተ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። የመጀመሪያው ግኝት ደግሞ ለፈራ ሰው ጥሩ ዜና ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? ማመልከት ከመጀመራችሁ በፊት ሦስቱንም ሪፖርቶች አውጡ። በአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል፤ ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ሌላ ገጽ ከሆነ ውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ሂሳብ ተመልከቱ። ባንክራፕሲው ውስጥ ገብቶ የተሰረዘ ዕዳ ቀሪው 0 መሆን አለበት፤ በባንክራፕሲ እንደተካተተም መጻፍ አለበት። በተግባር ግን አንዳንድ አበዳሪዎች ሳያስተካክሉት ይቀራሉ። የተሰረዘ የ6,000 ዶላር ካርድ አሁንም «ያልተከፈለ፣ ኮሌክሽን ላይ» ተብሎ ይቀመጣል። ሪፖርቱን የሚያይ የኤች አር ሠራተኛ ታዲያ ያለፈ ችግር ሳይሆን ዛሬም ዕዳ የሚሸሽ ሰው ያያል። ይህን ለቢሮው በጽሑፍ ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱ የሰጣችሁን የዕዳ ስረዛ ትእዛዝና የዕዳ ዝርዝሩን አያይዙ። በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። የስረዛ ትእዛዙን ቅጂ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል።

ክሬዲት የሚያይ ሥራ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። በመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ሳይሆን የፈቃድ ፎርሙ ሲመጣ። አጭር ይሁን፦ «በ2021 ባለቤቴ ታሞ የሕክምና ዕዳ ተከመረብን፣ ባንክራፕሲ አስገብተን በሕግ ዘጋነው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍያ አላሳለፍኩም።» በቃ። ታሪኩን ከዚያ በላይ መዘርዘር፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ የዘመድን ጥፋት መናገር አያስፈልግም። እኛ ጋ ገመና መግለጥ ስለሚከብድብን አንዳንዴ ጭራሽ ፎርም ላይ «የለም» ብለን እንጽፋለን። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የባንክራፕሲ መዝገብ የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ከክሬዲት ሪፖርት ቢጠፋም ፍርድ ቤት አለ። በባንክራፕሲ ማባረር የማይችል ቀጣሪ በውሸት ግን ማባረር ይችላል።

ሥራ ላይ ሆናችሁ የምታስቡበት ከሆነ ደግሞ ጊዜውን ከሎየራችሁ ጋር ምከሩበት። ሥራ ለመቀየር ጫፍ ላይ ከሆናችሁ፣ ተቀጥራችሁ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ማስገባቱ ያንን የአንቀጽ 525ን ጥበቃ ይሰጣችኋል። ቻፕተር 7 ብዙውን ጊዜ በአራት ወር አካባቢ ያልቃል፤ አሠሪያችሁ የሚያውቅበት መንገድም አነስተኛ ነው፤ ደሞዛችሁ በፍርድ ቤት እየተቆረጠ ካልነበረ በቀር። ቻፕተር 13 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ፍርድ ቤቱ ክፍያው በቀጥታ ከደሞዝ እንዲቆረጥ ሊያዝም ይችላል። ያኔ ፔይሮል ክፍሉ ያውቃል። ክፍያውን ከባንክ ሂሳባችሁ በራሳችሁ መላክ እንድትችሉ ሎየሩ ከመጀመሪያው እንዲጠይቅላችሁ ንገሩት፤ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል።